አምስተኛው ቀዳሽ

እናቴ በሰማንያ ሦስት ዓመት ዕድሜዋ ይቅር ያላለችው ሰው አንድ ብቻ ነው። ካሳሁን ይባላል። ደብረ ታቦር የታሪክ መምህር ሆኖ ሲሠራ ሁለት ዓመት ያህል በእኛ ግቢ ተከራይቶ ኖሯል። ዘንድሮ ሁዳዴ እንደገባ እናቴ በጠና ታመመች። የነፍስ አባቷም መጥተው፣ መቁረብ ከፈለገች በሆዷ የያዘችውን ቂም ሁሉ እንድትተው ነገሯት። ሁሉንም ትቻለሁ አለች፤ የዚያን ሰው ግን አልችልም፣ ልጄን አሳልፎ የሰጠብኝ እሱ ነው አለች። ቄሱ ሦስት ጊዜ ተመላለሱ፤ ሦስቱንም ጊዜ እንደመጡ ሄዱ። እኔ ራስጌዋ ተቀምጬ እሰማ ነበር። እናቴ ሳትቆርብ እንዳትሞት ማድረግ የሚችል ሰው ቢፈለግ ከእኔ ሌላ አልነበረም፤ አፌ ግን አልከፈት አለ።

ነገሩ የሆነው በሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት ኅዳር ላይ ነው። ስምንት ዓመቴ ነበር። አባቴ ቄስ ገሰሰ፣ ከከተማው ወጣ ብላ ወደ ጉና በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ያገለግል ነበር። ቤታችንም ከዚያች ቤተ ክርስቲያን በታች፣ ከተማው ከሚያልቅበት ላይ ነበር። ወንድሜ ይርዳው አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ዲያቆን ነበር። ድምፁ ወፍራም ስለሆነ ሲቀድስ ከደጅ ቆሜም ለይቼ አውቀው ነበር።

ቅዳሴ ከአምስት ሰው ባነሰ አይሆንም። ሁለት ቄስ፣ ሦስት ዲያቆን ያስፈልጋል። ከዚያ ከጎደለ ኪዳን ይደረሳል፣ ይጸለያል፤ ቅዳሴ ግን የለም። ይህን የቄስ ልጅ ቀርቶ የደብሩ ውሻም ሳያውቀው አይቀርም። ቀደም ሲል የእኛ ደብር ዲያቆን ተርፎት ተራ ይጠባበቁ ነበር አሉ። ከዚያ አፈሳ መጣ። ወጣት ወንድ ከገበያም፣ ከመንገድም፣ ከትምህርት ቤት በርም እየታፈሰ ለብሔራዊ ውትድርና ይወሰድ ጀመር። ዲያቆናቱ ገሚሱ ብር ሸለቆ ማሠልጠኛ ገባ፤ ገሚሱ በእብናት በኩል ወደ ቆላ ወርዶ ተሰወረ። የቀሩት አባቴ፣ ዓይናቸው የደከመ አባ ምትኩ የሚባሉ ሽማግሌ ቄስና ከእኔ በሁለት በሦስት ዓመት የሚበልጡ ሁለት ሕፃናት ዲያቆናት ነበሩ። አምስተኛው ይርዳው ነው።

ይርዳው ደግሞ በወሬ ደረጃ በአካባቢው አልነበረም። ጎጃም ቅኔ ቤት ገብቷል ተብሎ ተነግሯል። በእውነት ግን ከአንድ ዓመት በላይ የኖረው በቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ የመሥዋዕቱ ኅብስት በሚጋገርባት ጎጆ ውስጥ ነበር። እሑድ እሑድ ሕዝቡ ሳይሰበሰብ ከመቅደስ ይገባል፤ ሕዝቡ ከተበተነ በኋላ ይወጣል። አስቀዳሹ ሁሉ ድምፁን እየሰማ፣ ማንም ምንም አይልም። እናቴ ጆሮዬን ይዛ፣ ይርዳው የት ነው ያለሽ ሰው ካለ ጎጃም ሄዷል በይ፣ ከዚያ ሌላ ስሙን እንዳታነሺ ብላ አስምላኛለች። መሐላዬን እስከ መጨረሻው ጠብቄያለሁ። የወንድሜን ስም ለማንም ተንፍሼ አላውቅም።

መምህር ካሳሁን ከአሰላ ነው የመጣው። ረጅምና ቀጭን፣ ሲያስል ትከሻው የሚነቃነቅ፣ ዓመቱን ሙሉ አንድ አረንጓዴ ካፖርት የሚለብስ ሰው ነበር። ቤተ ክርስቲያን አይሄድም። እሑድ ሁላችን ስናስቀድስ እሱ ሸሚዞቹን ያጥባል። በዚህ የተነሳ ሠፈሩ የየራሱን ግምት ሰጠው፤ አንዱ ካድሬ ነው ይላል፣ ሌላው ጴንጤ ነው ይላል፣ ሦስተኛው ምንም የለውም ይላል። እኛ ልጆች ክፍሉ ውስጥ ብቻውን ሲያወራ በግድግዳው እየሰማን ጋኔን አለበት እንባባል ነበር። ዛሬ ሳስበው የሚያወራው ሰው ስላጣ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ደጁን አንኳኩቶ የገባ እንግዳ አላየሁም።

አባቴ ግን ይወደው ነበር፤ የይርዳውን ነገር እንኳ አልደበቀውም። እሑድ ከምሳ በኋላ ግድግዳውን ተደግፈው ፀሐይ እየሞቁ ይጨዋወታሉ። አንድ እሑድ መምህሩ ከትምህርት ቤት አንድ ትልቅ የጨርቅ ካርታ አመጣ። የዓለም ካርታ ነው፤ ጫፍ ጫፉ ተቀዶ ስለነበር ሊጠግነው ነው። መሬት ላይ ዘረጋው። አባቴ ጎንበስ ብሎ ዞር ዞር ካለ በኋላ፣ እስቲ ክርስቲያን ያለበትን አሳየኝ አለው።

መምህሩ፣ የዛሬውን ነው ወይስ የዱሮውን ብሎ ጠየቀ። የዱሮውን አለ አባቴ። እናቴ ሰሌን ላይ ካሰጣችው ገብስ አንድ እፍኝ ወሰደና መምህሩ አንድ አንድ ፍሬ እያነሳ ካርታው ላይ ያስቀምጥ ጀመር። ግብፅ ላይ፣ ሶርያ ላይ፣ በሰሜን አፍሪካ ባሕር ዳር ዳሩን በሙሉ። አባቴ ግብፅንና ሶርያን ከስንክሳር ያውቃቸው ስለነበር የቅዱሳኑን ስም እየጠራ አብሮት ሄደ። ፋርስ ላይ ሲደርሱ የሚጠራው ስም አለቀበት። መምህሩ አልቆመም፤ ህንድ ላይ ጣለ፣ ሄዶ ሄዶ ቻይና ላይ ጣለ። አባቴ ያሾፈበት መስሎት ቀና ብሎ አየው። መምህሩም እውነት መሆኑን፣ ድንጋይ ላይ ጽፈው ትተውት እንደሄዱ ነገረው። አባቴ እንደዚያን ዕለት ሲደሰት አይቼው አላውቅም። ዘመዶቹን በሩቅ አገር ያገኘ ሰው ነበር የሚመስለው።

ከዚያ መምህሩ ፍሬዎቹን ያነሳ ጀመር። በዚህ ዘመን ከዚህ ጠፋ፣ በዚያ ዘመን ከዚያ ጠፋ እያለ። መሀል ላይ የእናቴ ዶሮ ዘላ ገብታ ፋርስን ከነጳጳሱ በላችው፤ ሁለቱም እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። መምህሩ ያነሳቸውን አንዳንዶቹን ወደ ላይ፣ በረዶ ወዳለበት አገር ወሰዳቸው፤ እዚያ ደግሞ ያን ጊዜ ይስፋፋ ነበር አለ። አባቴ ግን ዓይኑ ባዶ በቀሩት ላይ ነበር። የሰሜን አፍሪካን ዳርቻ በጣቱ እየነካ፣ ይሄ ሁሉ እንዴት አለቀ ሲል ጠየቀ።

ብዙ ነገር ነው አለ መምህሩ። ጦርነትም አለ፣ ግብርም አለ። መጨረሻው ላይ ግን አንድ ጳጳስ ለመሾም ሦስት ጳጳሳት ያስፈልጉ ነበር፤ ሦስት አጡ።

አባቴ ሳቁን አቆመ። "ሕዝቡስ?" አለ።

"ሕዝቡማ እዚያው ነው፣ አባ። ቀስ እያለ ረሳው።"

ቀጥሎ ከእኛ በላይ፣ ዛሬ ሱዳን በሚባለው አገር የነበረችውን ኖባን አሳየው። ዓባይን ተከትሎ ወደ ታች ነው፤ ካርታው ላይ ግን ወደ ሰሜን ይወጣል። ኖባ ብዙ መቶ ዓመት ክርስቲያን ነበረች፤ ቤተ ክርስቲያኖቿ ግድግዳቸው ሁሉ ሥዕል ነበር። ኋላ ጳጳስ የሚልክላቸው ጠፋ፤ ቄሶቹ አርጅተው ሞቱ። ስድስት ሰዎች ያን ሁሉ መንገድ ተጉዘው ወደ እኛ ንጉሥ መጡና ቄስ ስጡን ብለው ለመኑ።

"ሰጧቸው?" አለ አባቴ።

"አልሰጧቸውም። እኛም ጳጳሳችንን የምናስመጣው ከእስክንድርያ ነው፣ ከየት አምጥተን እንስጣችሁ አሏቸው። ባዶ እጃቸውን ተመለሱ።"

አባቴ፣ ለራሱ እንደሚናገር ሰው፣ "ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን እኮ ነው" አለ። ዓይኑ ውሃ ቋጥሮ ነበር። እኔም በዚያች የልጅነት ልቤ ኖባን ያጠፋናት እኛ ነን ብዬ ደነገጥኩ። ደብረ ታቦር የት እንደሆነች እንዲያሳየኝ መምህሩን ለመንኩት፤ ጣቱን አንድ ፍሬ ላይ አሳረፈ። ይቺንም ታነሳታለህ ብዬ ጠየቅኩት። ሊያስደስተኝ ብሎ፣ አምስት ሰው እስካለ ድረስ ማንም አያነሳትም አለኝ።

በማግስቱ ሰኞ ከትምህርት ቤት መልስ እንስራዬን ይዤ ቦኖ ወረድኩ። ተራ ስጠብቅ ጋሼ ሙሉሐብት መጣ። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ነው፤ ልጆቹን ሁሉ ያጠመቃቸው አባቴ ስለሆነ ሲያየኝ ሁልጊዜ ያጫውተኝ ነበር። ያን ቀንም ፀጉሬን እየዳበሰ፣ ደብራችሁ ተዘጋ አሉ፣ ቀዳሽ ጠፋ አሉ፣ እንግዲህ ቄስ ገሰሰ ምን ሊሠሩ ነው አለኝ።

ደሜ ፈላ። ካርታው ላይ ያቺን ፍሬ ሊያነሳት እጁን የዘረጋ መሰለኝ። "አልተዘጋም" አልኩት። "ትናንት ተቀድሷል።"

"ማን ቀደሰ? ሁለት ሽማግሌና ሁለት ሕፃን?"

"አምስት ናቸው" አልኩ፤ አምስቱን ጣቶቼን ዘርግቼ።

ጋሼ ሙሉሐብት ጣቶቼን አየ። ፈገግታው እንዳለ ነበር፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ጠፋ። አምስት ብሎ ደገመና ዞር ብሎ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ተመለከተ። ፈጠን ብሎ ሄደ። ሊያወጣጣኝ መጥቶ ይሁን ወይስ በእርግጥ ሊቀልድ፣ እስከ ዛሬ ቆርጬ መናገር አልችልም። በዚያ ወር ከቀበሌው የሚፈለግበት ወጣት ቁጥር ነበረበት፤ የራሱም ልጅ አሥራ ስምንት ሊሞላው ነበር።

መምህር ካሳሁን ከኋላዬ ባልዲውን ይዞ ቆሞ ኖሯል። አጠገቤ መጥቶ ምን ጠየቀሽ አለኝ። እንዴት እንደረታሁት በኩራት ነገርኩት። ፊቱ አመድ መሰለ። ባልዲውን እዚያው ጣለና ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዳገት በሩጫ ወጣ። እንደዚያ ያለ ትልቅ ሰው ካፖርቱን እያርገበገበ ሲሮጥ ማየት የሚያስቅ ነበር፤ ቦኖው ላይ የነበሩት ሴቶችም ሳቁ። ሃይማኖት የለውም የተባለው ሰው ዛሬ ወዴት ነው የሚሮጠው አለች አንዷ። ይህቺ ቃል ኋላ ብዙ ሰው አፍ ውስጥ ገባች።

እንስራዬን ሞልቼ ቤት ሳልደርስ የአብዮት ጥበቃዎች መኪና አልፋኝ ወደ ላይ ወጣች። እኔም እንስራውን አስቀምጬ ተከተልኩ። ስደርስ ይርዳውን ከጎጆዋ አውጥተውት በሁለት ሰው መሀል ነበር፤ ነጠላውን እንደለበሰ፣ እጁ ላይ ዱቄት ነበር። አባቴ መስቀሉን በሁለት እጁ ይዞ ከኋላ ከኋላ ይሄዳል። መምህር ካሳሁን በሩ ላይ ግንቡን ተደግፎ ቆሟል፤ ሳሉ ይዞት ቃል መተንፈስ አልቻለም። እናቴ ከታች እየጮኸች መጣች፤ መጀመሪያ ያየችው እሱን ነው። ከጠባቂዎቹ አጠገብ፣ ቤተ ክርስቲያን ረግጦ በማያውቅ እግሩ በሩ ላይ ቆሞ።

ልሸኘው ብሎ ነው የሮጠው ብዬ አሰብኩ። ለወንድሜ ደግሞ አላለቀስኩም። ሴቶቹ ወደ ሰሜን ነው የሚወስዱት ብለው ሲንሾካሾኩ ሰምቻለሁ፤ ሰሜን ምን እንዳለ ደግሞ ከሁሉም በላይ የማውቀው እኔ ነበርኩ። ኖባ ነው ያለው። በመጨረሻ ላኩላቸው አልኩ በልቤ። ያን ንጉሥ የሚያርም ሰው ተገኘ፤ ያም የእኔ ወንድም ነው። እናቴ መሬት ላይ ተቀምጣ ፊቷን ስትነጭ ሄጄ ትከሻዋን ያዝኩና፣ አታልቅሺ፣ ሊቀድስላቸው እኮ ነው የሄደው አልኳት። በጥፊ መታችኝ። ከዚያ በፊት እጇን አንስታብኝ አታውቅም።

በዚያው ቀን አመሻሽ ላይ የመምህሩን ዕቃ ሁሉ ግቢው ውስጥ ወረወረችው። ፍራሹን፣ መጽሐፎቹን፣ ካርታውን። ከጉና የሚወርደው ብርድ ጆሮ ይቆርጣል። አባቴ ሊያስቆማት ቢሞክር አልሰማችውም። ጎረቤት ሁሉ አጥሩ ላይ ተደርድሮ ያያል። መምህር ካሳሁን አንገቱን ደፍቶ ዕቃውን ሰበሰበ። ሲጨርስ እናቴ ፊት ቆመና፣ "እትዬ ደሳለች፣ ይቅር ይበሉኝ" አለ። እንግዲህ ከዚህ የበለጠ ማመን ምን አለ? ጎረቤቱ ሁሉ በጆሮው ሰማ።

በአጥሩ ሲወጣ እኔን አየኝ። ጎንበስ ብሎ፣ ቦኖው ላይ የሆነውን ለማንም እንዳትነግሪ፣ ለእናትሽም ቢሆን አለኝ። ለምን ብለው፣ ለእኔ ብለሽ አለኝ። ጥሎት የሮጠው ባልዲ ተሰርቆ ነበር፤ እንዲያ ያለ ትልቅ ሰው ባልዲ ማስሰረቁ አሳፍሮት ነው ብዬ አዘንኩለት። ምስጢሩን ጠበቅኩለት።

ከዚያ በኋላ ቅዳሴ የለም። አራት ናቸው። አባቴ ግን እሑድ እሑድ እንደ ወትሮው ጎህ ሳይቀድ ይወጣል፤ ከአባ ምትኩና ከሁለቱ ሕፃናት ጋር ኪዳን ያደርሳል፤ ከዚያ በሩ ላይ ወጥቶ ይቆማል። መንገድ የሚያልፍ ዲያቆን ካለ ብሎ ነው። እኔ አጠገቡ እቆማለሁ። ሕዝቡ በመጀመሪያው ወር መጣ፤ በሁለተኛው ገሚሱ ወደ ሌላ ደብር ሄደ፤ ከፋሲካ በኋላ የሚመጡት አሮጊቶች ብቻ ሆኑ። አባ ምትኩ ሲሞቱ በሩ ተቆለፈ። አባቴም ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም። ስለ ቦኖው ያወቀው ነገር ይኑር አይኑር አላውቅም፤ ካርታውን አንስቶ አያውቅም፤ እኔን ግን በሄደበት ሁሉ እጄን ይዞ ይሄድ ነበር።

ደርግ ሲወድቅ የተበተነው ወታደር ሁሉ በከተማችን አለፈ። እናቴ ከጠዋት እስከ ማታ መንገድ ዳር ቆማ ፊት ፊታቸውን ታይ ነበር። ይርዳው አልመጣም። መርዶም አልመጣም።

እኔ ነገሩ የገባኝ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ላይ፣ ባሕር ዳር የነርስነት ትምህርት ስማር ነው። እሑድ ሳስቀድስ ቀዳሾቹን የመቁጠር ልማድ ነበረኝ፤ ከልጅነቴ የቀረ ነው። ያን ቀን እንደ ልማዴ አንድ፣ ሁለት ብዬ አምስት ላይ ስደርስ ጣቶቼን አየሁ። ጋሼ ሙሉሐብት ያያቸው ጣቶቼ ነበሩ። ሁለት ሽማግሌ፣ ሁለት ሕፃን። አምስተኛው ማን ሊሆን ይችላል ብሎ ለማሰብ እኮ ሊቀመንበር መሆን አያስፈልግም። ሰዎች ደግፈው አስወጡኝ። ከዚያ በኋላ ለመምህር ካሳሁን ወደ አሰላ ደብዳቤ ጻፍኩ። የመለሰችልኝ እህቱ ናት። በሰማንያ ስድስት በሳንባ ሕመም ሞቷል። አላገባም፣ አልወለደም። ስለ ደብረ ታቦር ሲያነሳ፣ እዚያ ጥሩ ሰዎች ቤት ኖሬ ነበር ይል ነበር ብላ ጻፈችልኝ።

ደብዳቤውን አቃጠልኩት። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ እናቴ ያን ሰው በረገመች ቁጥር ዝም አልኩ። አንድ ልጇን ያጣች ሴት ናት፤ የቀረቻትን ልታጣ ነው ብዬ ነው ለራሴ የምለው። ውሸት ነው። ፈርቼ ነው።

ቄሱ ለሦስተኛ ጊዜ በሄዱ ማግስት ጠዋት ፊቷን አጥቤ ስጨርስ፣ "እማ፣ ካሳሁን አይደለም" አልኳት። "እኔ ነኝ።" ከዚያ ሁሉንም ነገርኳት፤ ቦኖውን፣ ጣቶቼን፣ ሩጫውን። ይቅር ይበሉኝ ያለሽ ሳልደርስለት ቀረሁ ማለቱ ነው አልኳት። ጣራውን እያየች ሰማችኝ። ስጨርስ ጥፊዋን እንደምጠብቅ ልጅ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር።

"አንቺማ ሕፃን ነበርሽ" አለች።

ያን ሁሉ ዓመት የተሸከምኩትን በሦስት ቃል አወረደችልኝ፤ ግን እኔን እያየች አልነበረም። ቆይታ፣ ሰውየው የት ነው ብላ ጠየቀች። መሞቱን ነገርኳት። ልጅስ አለች። የለውም አልኩ። ሚስትስ? የለችውም። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ቀኑን ሙሉ እህል አልቀመሰችም።

አመሻሽ ላይ የነፍስ አባቷ መጡ። እንደ ልማዳቸው መስቀሉን አሳልመዋት፣ እህ ደሳለች፣ ለዚያ ሰው ይቅርታ አደረግሽለት ወይ አሏት።

"ይቅር የምለው ሰው የለም፣ አባቴ" አለች። "ይቅር የሚለኝ ነው የጠፋው።"

ቄሱ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ እሑድ ሰው ጠርቼ ለቁርባን በቃሬዛ እንዳመጣት ነገሩኝ።